የጠፋው ድምፄና ምስክሮቼ

ጥቅምት 3
መጋረጃ አጠብኩ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ «ሁለት ዳቦ» ብል ሻጩ እሱም አንሾካሾከ። «ምን ሚስጥር አለው፣ እትዬ?» ሳቅኩ... ሳቄም ድምፅ የለውም። እንቅርቴን ሲያወጡልኝ የድምፅ ነርቬን ነክተውት፣ ይኸው ከአፌ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወሬው ግን ሆዴ ውስጥ ሞልቷል። ለማን ልንገረው? እጄ ይጻፍ እንጂ።

ጥቅምት 9
የሆስፒታሉ ጠበቃ ስለ ካሳ ጥያቄዬ ደወለ። ባሌ አነሳው።
«ዘፋኝ ናቸው? አስተማሪ?»
«አይደለችም።»
«ታዲያ በድምፃቸው ምን ይሠሩበት ነበር?»
ባሌ ዞሮ አየኝ። በድምፄ ያልሠራሁት ምን አለና?
ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዴት እንደነበርኩ ካሳውን ለሚወስነው ኮሚቴ የሚናገር ምስክር አምጡ ተባልን። ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኳት። «እኔ እያለሁልሽ» አለች።

ጥቅምት 17
ጉድ ሆንኩ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ተኩሳ ኮሚቴው ፊት መጣች፣ መሐላዋን ፈጸመች። ከዚያማ...
«እሷ እኮ ጨዋ ናት። ድምጿ ከበር አይወጣም። ይኸን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።»
ልታመሰግነኝ ነው እኮ፣ የኔ እናት። ዓይኔን አፈጠጥኩባት። አበረታኋት መሰላት፤ «ሰው መሀል አንገቷን እንደደፋች ነው» ብላ ጨመረችበት። ጠበቃው ፈገግ አለ።
«እንግዲህ ምን ጠፋባቸው?»
ልጩህ እንዳልል በምን ልጩህ?
ባሌ ተነሳ። ሰው ፊት «ደህና ዋላችሁ» ማለት የሚከብደው ሰውዬ።
«ውሸት ነው» አለ። «ተኝታም ታወራለች። ፊልሙ ሳይጀመር መጨረሻውን ትነግረኛለች። ጠዋት ጫማዬን ሳስር የጀመረችውን፣ ማታ ሳወልቅ ነው የምትጨርሰው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምጿ ሲጠፋ መጀመሪያ ሰሞን አረፍኩ።»
ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ።
«በኋላ ግን... ሰው ቤት ያደርኩ ይመስለኝ ጀመር። ስገባ አንኳኩቼ ነው የምገባው።»
ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዬ ሥር፣ «ስምሽን አጠፋው እኮ» አለችኝ።
ያጥፋው።

ኅዳር 2
ሆስፒታሉ ጥፋቱን አመነ! ካሳውንም፣ የድምፅ ሕክምናውንም ይከፍላል። ሕክምናውን የጀመረችልኝ ሐኪም፣ «እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል» ብላኛለች። አሁን ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያለ ይወጣል... ይውጣልኝ ብቻ።
ራት ላይ የልብስ ሰፊዋን ኩርፊያ ስተርክ ባሌ ሳህኑን ይዞ ተነሳ፣ ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።
«ምን ሆንክ?»
«አልሰማሁሽም። ከመጀመሪያው ጀምሪው።»
ጀመርኩለት። ትንሽ ጨማምሬበት።