አሚን ስላሉልኝ አሥራ አራት ተባባሪዎቼ

ለዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ድኅረ ምረቃ ትምህርት ዳይሬክቶሬት
ባላችሁበት

ሐይቅ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ ጤና፣ ለቢሯችሁም የማይጠፋ መብራት እመኛለሁ። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። በሐይቅ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስም የእናንተው የማስተርስ ተማሪ የነበርኩ ሒክማ ሙዘይን መሆኔን በትሕትና አስታውሳለሁ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

1. በኅዳር ጦርነቱ ደጃችን ደርሶ መብራትና ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ፣ እኔ በሻማ ሳዋልድ እናንተ ከትምህርት ገጹ ለምን እንደጠፋሁ እየጠየቃችሁ ዘጠኝ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ኔትወርክ እንደሌለኝ ለማሳወቅ እዚያው ገጽ ላይ ገብቼ ቅጽ እንድሞላ መጠየቃችሁም አስደንቆኛል። ዘጠኙንም በጥር በአንድ ቀን አነበብኳቸው፤ የአንዳቸውም ቀነ ገደብ አልጠበቀኝም።

2. የመጨረሻውን ፈተና በሩ በተዘጋ ክፍል፣ ብቻዬን፣ ካሜራ ፊት እንድፈተን ስላዘዛችሁኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ከሐይቁ በላይ ካለው ኮረብታ፣ ዋርካው ሥር ብቻ ነው። ዋርካ ደግሞ በር የለውም።

3. እዚህ ላይ ጥፋቴን አምናለሁ። ሐሙስ ፈተና እንዳለብኝ ለጎረቤቴ ለሸህ ሙአዊያ ነገርኳቸው። እኛ አገር ምጥ ወይም ፍርድ ቤት የሚጠብቀው ሰው ያለ ዱዓ ብቻውን አይተውም። ሸሁ ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ፤ እትዬ ተሻለች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ መጡ፤ ዓሣ አጥማጁ ምንይችልም መረቡን ጥሎ ወጣ። ዋርካው ሥር ከኋላዬ ተቀመጡ። እኔ በየጥያቄው በተነፈስኩ ቁጥር ሸሁ አብሽሪ፣ አይዞሽ እያሉ ዱዓ ሲያደርጉ፣ አሥራ አራቱም አሚን አሉ።

ካሜራችሁ አንድም ሰው ሳይዘነጋ ቆጥሯቸዋል። የዲሲፕሊን ኮሚቴውም የተደራጀ ቡድን ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ ድምፅ መልስ ሰጥቷል ብሎ ፈተናዬን ሰርዞ፣ ሁለት ዓመት አግዶኛል። ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት ምርጫዎች መካከል አሚን የሚል እንዳልነበረ ብጠቁም ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ ተናድጃለሁ። በኅዳር አንዲት እናት ደም ፈስሷት እጄ ላይ ሞታለች። ትምህርቱን የሙጥኝ ያልኩት የሚቀጥለዋ እንዳትሞት ነው፤ የሚቀጥለዋ ደግሞ ሁለት ዓመት አትጠብቅም። ስለዚህ ወረቀቴ እንዲታረምልኝ እለምናለሁ። ከወደቅኩም በራሴ ስንፍና ልውደቅ።

ከማያልቅ አክብሮትና ከሚቆራረጥ ኔትወርክ ጋር፣
ሒክማ ሙዘይን

ግልባጭ፦
ለአሥራ አራቱ ተባባሪዎቼ
ዋርካው ሥር

ማሳሰቢያ፦ ሸህ ሙአዊያ ክሱን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ይልቅስ አላህ ልቦና እንዲሰጣችሁ በመጪው ሐሙስ ዱዓ ሊያደርጉላችሁ ሰው እየጠሩ ነው፤ እስካሁን ሠላሳ ደርሰናል። እናንተም ባላችሁበት አሚን በሉ። ካሜራችሁን ብቻ አስቀድማችሁ አጥፉ፤ ከእኛ ጋር እንዳይቆጥራችሁ።