ውሃችንን ስላሸጋችሁልን እናመሰግናለን

ለክቡር የገጠር መሬት አጠቃቀምና ግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደጅዎ ተመላልሼ ጸሐፊዎ ሦስቱንም ጊዜ «ወገባቸውን አሟቸው ነው» ስላለችኝ፣ ሕመሙ እንደተሻለዎና የተገዛልዎት አዲስ ወንበርም እንደተስማማዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከሞላ ጎደል ደህና ነን። ከሞላ ጎደል ያልኩበትን ምክንያት፣ ጽሕፈት ቤትዎ በቁጥር ያልተዘረዘረ ነገር እንደማያነብ ስለማውቅ፣ በቁጥር ዘርዝሬ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልግለጽ። በጡረታ የተገለልኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ገቢና ወጪ ስመዘግብ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ ለማኅተም ያለኝ አክብሮት ከእርስዎ ቢያንስ እንኳ በጥቂቱ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እኔና ታናሽ እህቴ ከአባታችን የወረስነውን እርሻ ተረከብን። አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ያፈጠጠ፣ የተዘራበትን እንኳ በቅጡ የማይመልስ መሬት ነበር። እህቴ የእርሻ ባለሙያ ናት። ዞር ዞር ብላ አየችውና «ይኼ መሬት ለሁለታችን አይበቃም፤ ለዘጠኝ ቤተሰብ ግን ይበቃል» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። ለካ የጎደለው መሬቱ ሳይሆን እጅ ኖሯል።

እጅ መጣ። በከተማ ስንት ፎቅ ሠርቶ ለራሱ አንድ ክፍል ያልነበረው ግንበኛ መጣ። ዓይኗ የደከመ ልብስ ሰፊ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ የጡረታ ሾፌርና ባለቤቱ፣ ሌሎችም ተራ በተራ መጡ። ቤቶቻችንን ከዚያው ከመሬቱ በተቆፈረ አፈር ሠራን። ተዳፋቱን በእርከን አሰርን፣ ዛፍ ተከልን፣ አንድ ማጀት ለሁላችን አቆምን፣ መብራታችንን ከፀሐይ አገኘን። ከጣሪያና ከተዳፋቱ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ከቤቶቹ በላይ ትልቅ ገንዳ ቆፈርን፤ ሦስት ዓመት ፈጀብን። ግንበኛው ውስጡን ሲለስን እንደ ሊጥ ነበር የሚያሸው። አንድ ቫልቭ ሲከፈት ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ወርዶ እስከ መጨረሻው ቤት ይደርሳል። እንግዲህ ወንጀላችን ይህ ነው፤ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ለፈቃድ ያቀረብነውን ማመልከቻ በተመለከተ ጽሕፈት ቤትዎ ላሳየን ጥንቃቄ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አራት ጊዜ አመለከትን። በመጀመሪያው፣ እርሻ ስለሆነ ሰው ሊኖርበት አይችልም ተባልን። በሁለተኛው፣ ሰው የሚኖርበት ስለሆነ ሊታረስ አይችልም ተባልን። በሦስተኛው ፋይላችን ጠፋ። በአራተኛው ፋይሉ ተገኘና፣ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ውስጥ ቅጹ ስለተቀየረ እንደ አዲስ እንድናመለክት ተመከርን። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ፋይል በራሱ እግር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ፋይሎች ከእኔ ዘመን ፋይሎች ይልቅ ሕያዋን መሆናቸውን በአድናቆት መዝግቤያለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ተቆጣጣሪዎ ትጋት። ጎረቤታችን ላም አርቢው ስለ መጸዳጃ ቤታችን አቤት ማለቱን ተከትሎ መጡ። መጸዳጃችን ውሃ አይፈልግም፤ የሚገባውን ሁሉ ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር አብላልቶ በዓመቱ ለዛፎቹ ማዳበሪያ ያደርገዋል። ተቆጣጣሪዎ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው በሩን ከፈቱ። ትንሽ ቆዩና መሐረቡን አወረዱ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱና «እዚህ ውስጥ የሚጠቀም ሰው አለ?» ብለው ጠየቁ። ዘጠኝ ቤተሰብ ይጠቀማል አልናቸው። በሪፖርታቸው ላይ የጻፉት «ወደፊት ሽታ ሊኖረው የሚችል» የሚል ነበር። ገና ያልሸተተውን አስቀድሞ የሚያሸት መሥሪያ ቤት ስላለን ደስ ሊለን ይገባል።

ሦስተኛ፤ ተቆጣጣሪዎ ለሽታ መጥተው ሽታ ሲያጡ ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላልወደዱ ሽቅብ ወጥተው ገንዳውን አዩት። በሳምንቱ «ፈቃድ የሌለው ግድብ» የሚል ወረቀት ደረሰን፤ ቫልቩም በሰንሰለት ታስሮ በእርሳስ ማኅተም ታሸገ። ወሩ የበጋው መጨረሻ ነበር። ሠላሳ አራት ሰው ከታች ካለው የእጅ ፓምፕ በጀሪካን ውሃ መቅዳት ጀመረ። ችግኞቹ ጠወለጉ፤ የልብስ ሰፊዋ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊትና በኋላ ይመላለሱ ነበር። አቤቱታ አስገባን፤ በአርባ የሥራ ቀናት ውስጥ እንደሚታይ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ሥርዓታዊ መልስ አገኘን። አንድም ስህተት አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ቀጥሎ ለምጽፈው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

ቫልቩ በታሸገ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ነፋሱ ከበድ ብሎ ሲነፍስ፣ የላም አርቢው የሣር ማጨጃ ማሽን ድንጋይ መታ። ከብልጭታው የደረቀው ሣር ተያያዘ። እሳቱ መጀመሪያ ወደ እሱ በረት፣ ቀጥሎ ወደ እኛ አጥር ዞረ። የከተማው እሳት አደጋ ተነግሮታል፤ ከሰዓት በላይ መንገድ ነው። እኔና ግንበኛው ቫልቩ ጋ ደረስን። በእጁ የብረት መቁረጫ ይዟል። ሰንሰለቱን በመቁረጫው ጥርስ መሐል አስገብቶ ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ ልቁረጠው?» አለኝ።

«ቆይ፣ አንዴ ልደውል» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡልኝ ነው ይህ ሁሉ ደብዳቤ የተጻፈው። በሃያ ሰባት ዓመት አንድም ማኅተም ያለ ትእዛዝ ነክቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በትሕትና አናገረችኝ፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ያቅርቡ» አለች። «እሳት ነው» አልኳት። «ገብቶኛል፤ ግን ማኅተም የሚያነሳው ያሸገው ክፍል ነው፤ አገናኝዎታለሁ» ብላ አገናኘችኝ። ክፍሉ ስልክ እስኪያነሳ የሚያሰማው ሙዚቃ አለው። ጥሩ ሙዚቃ ነው። እሱን እያዳመጥኩ ስቆም ጭሱ ሰፈሩን ሸፈነው፤ እህቴ እርጥብ ጨርቅ ራሷ ላይ ጥላ ከታች ሽቅብ ስትሮጥ መጣች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። ከኋላዋ የዘር ቤቱ ተያያዘ። የዘር ቤቱ ከጣውላ የተሠራ ብቸኛው ቤታችን ነበር፤ ዘር እንዳይሻግት አየር ይፈልጋል ብላ እህቴ ራሷ ነበረች እንደዚያ ያሠራችው። ለስድስት ዓመት በዚያ ድንጋያማ መሬት ላይ ድርቁን የቻለውን እየለየች ያስቀመጠችው ዘር ሁሉ በማሰሮ በማሰሮ እዚያ ውስጥ ነበር። ግንበኛው መቁረጫውን ጥሎ ሮጠ። የቆርቆሮውን በር መቀርቀሪያ በባዶ እጁ ያዘው፤ ቆዳው እዚያው ቀረ። ሁለት ማሰሮ በክንዱ አቅፎ ወጣ፤ ሌላ አልተረፈም።

ያን ጊዜ ስልኩን ሣሩ ላይ ወረወርኩት፣ መቁረጫውን አነሳሁ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩና ሰንሰለቱን ቆረጥኩት። በኋላ ስልኬን ሳየው ጥሪው አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል።

ውሃው ወረደ። ሾፌሩና ባለቤቱ የውሃውን ጎማ ጎትተው አጥሩን አረጠቡ፤ ሌሎቻችን በባልዲ ተቀባበልን። የአፈር ቤቶቻችን ግድግዳ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። ጎማው እስከ ላም አርቢው በረት ይደርስ ነበርና ላሞቹም ተረፉ። እሳት አደጋዎቹ ሲደርሱ ያገኙት ረግረግና ጭስ ነው። አለቃቸው ገንዳውን አይቶ «ይኼ ባይኖር ኖሮ ወደ ታችኛው መንደር ይሄድ ነበር» አለን፤ ሪፖርቱ ላይም ጽፎታል። ሪፖርቱ ለእርስዎ ተልኳል፤ ጠፍቶ ከሆነ ግልባጭ አለኝ።

እህቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ከአመዱ መሐል ያልከሰለ ፍሬ ስትለቅም ሰነበተች። መቶ ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠች፤ አሥራ አራቱ በቀሉ። ወደ እኔ አምጥታ አሳየችኝና መልሳ ሸፈነቻቸው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አራተኛ፤ ወደ ቁጥሬ ስመለስ፣ እሳቱ በጠፋ በስድስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ወረቀት ደረሰን። አቤቱታችንን ለማየት አርባ የሥራ ቀን የጠየቀው መሥሪያ ቤት በስድስት ቀን መልስ መስጠቱ ፍጥነታችሁን ለሚያሙ ሁሉ በቂ መልስ ነው። አንደኛው ዘጠኙን ቤቶች በሠላሳ ቀን ውስጥ እንድናፈርስ ያዛል። ሁለተኛው ግንበኛው «የመንግሥትን ማኅተም ሆን ብሎ በመቁረጥ» የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥና በጣት አሻራው እንዲያረጋግጥ ይጠራል። ተቆጣጣሪዎ መቁረጫው የእሱ መሆኑን አጣርተው ነው። የጣት አሻራውን በተመለከተ ግን ሁለት እጆቹ በፋሻ እንደተጠቀለሉ፣ ሐኪሙም ከፋሻው ሥር አሻራ ስለመኖሩ ገና እርግጠኛ እንዳልሆነ በትሕትና አሳውቃለሁ።

ላም አርቢው ይህንን ሲሰማ ቤታችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ግባ ስንለው አልገባም። «እኔ የከሰስኩት ሽንት ቤቱን ነው፤ ስለ ውሃው ምን አልኩ?» አለ። ከዚያ ግንበኛውን ፊት ለፊት ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ «ላሞቼን አትርፋችሁልኛል» አለና ሄደ። በማግስቱ አቤቱታውን ለማንሳት ጽሕፈት ቤትዎ ሄዶ ነበር። አንዴ የተመዘገበ አቤቱታ እንደማይነሳ፣ ከፈለገ ግን በራሱ አቤቱታ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ተነግሮት ቅጽ ይዞ ተመልሷል። ቅጹን እኔ ሞላሁለት። ከጡረታዬ ወዲህ እንደዚያ ቀን በሥራዬ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ማኅተሙን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግንበኛው ፈቃድ ጠይቆ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ተብሎ እንዲጻፍልኝ የምፈልገው ግን መቁረጤ ሳይሆን አሥራ አንድ ደቂቃ መዘግየቴ ነው፤ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ካላችሁ በእሱ ክሰሱኝ፤ አልከራከርም። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በግንበኛው ፋንታ እኔ እቀርባለሁ። አሥሩም ጣቶቼ ደህና ናቸው። ቫልቩ ዛሬ ክፍት ነው፤ በሚመጣው በጋም ክፍት ይሆናል። ሊያሽግ የሚመጣ ሰው ካለ ቀኑን አስቀድማችሁ አሳውቁን፤ እዚያው ቆመን እንጠብቀዋለን። ስልክ አንደውልም።

ወገብዎ ቀጥ ብሎ፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ የቢሮዎ በር እንደተዘጋ ረጅም የአገልግሎት ዘመን እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝ የቆየ አክብሮት ከዘር ቤታችን ጋር አብሮ የተቃጠለ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የአሁን የጭቃ ቤት ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለሚያነብ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሾፌራችን ከከተማ ሲመለስ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ወር ያሳተመውን ባለቀለም መጽሔት አመጣልን። ሽፋኑ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ ሞዴል መንደር፤ በጽሕፈት ቤታችን ክትትልና ድጋፍ የተገነባ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የታተመው ፎቶግራፍ የእኛ ቤቶች ናቸው፤ የልብስ ሰፊዋ ልጆች እንኳ በር ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። በጣም ያምራል፤ አመሰግናለሁ። ሌላ ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ፣ እንድናፈርስ ከታዘዝነው ሠላሳ ቀን ውስጥ የቀረው አሥራ ሰባት ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው እንዲፈጥን ይንገሩልኝ።