ጀርባዋን ለድል ስለሰጠችው ቀዛፊ

ለተከበሩ ጓድ ወጋየሁ፣
የከፍተኛችን ስፖርት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ድምፅዎ፣ በተለይም ድምፅዎ፣ ደህና ነው? ከሁሉ አስቀድሜ ለሰፊው ሕዝብ አንድ ከባድ ዜና በይፋ እንዳበስር ይፈቀድልኝ፤ አንድ ዓይና ዶሮዬ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መካኒሳ አቦ ባለው ጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እንቁላል ጥላለች። ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔው ባለቤቷ ላጋልጣት ብዬ ነው።

እኔ ፉሪ ላይ ጤፍ እየዘራሁ ያረጀሁት ሮበሌ ፈየራ ነኝ፤ የቀዛፊዋ የእማዋይሽ ደገፋ አያት። እሷ ቢሾፍቱ አክስቷ በቀለች ዘንድ ሆና ሐይቁ ላይ መቅዘፍ የለመደች፣ የአገር ሻምፒዮና ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሣች፣ አምና ደግሞ በወዳጅ አገር በተደረገ ውድድር ሦስተኛ ወጥታ ነሐስ ያጠለቀች ልጅ ናት። ያን ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ የእኛ ፍሬ ናት ብለው ደረትዎን ነፍተው ነበር። ስላፈሯት ከልብ አመሰግናለሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የልጄ የደገፋ ልጅ ትመስለኝ ነበር።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ከውድድሩ የመጣውን ፎቶግራፍ አይተው፣ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ፣ ይህች ልጅ ጀርባዋን ለድል መስመሩ የሰጠችው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እማዋይሽም ተነሥታ፣ ጓድ፣ በዚህ ዓይነት ጀልባ ቀዛፊው ጀርባው ወደዞረበት ነው የሚሄደው፣ ዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው የሚቀዝፈው ስትል በትሕትና አስረዳች። እርስዎ ግን፣ አብዮቱ ወደፊት እያለ እኛ ወደኋላ አንቀመጥም ብለው አስጨበጨቡን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አጠገቤ የቆመው የአብዮት ጥበቃ እጄ እጄን ያይ ስለነበር እጅግ ደስ ብሎኝ ነው።

፪. የጀልባዋ ወንበር ይዙር ተብሎ ታዘዘ። በያጁ አብደላ፣ ወንበሩን እኔ አዞረዋለሁ፣ ለሐይቁ ግን እርስዎ ይንገሩት ቢልዎ፣ አፍህን ዘግተህ ሥራ አሉት። ዘግቶ ሠራ።

፫. ለወዛደሮች ቀን በተዘጋጀው የማሳያ ውድድር፣ በአውቶቡስ ተጭነን ቢሾፍቱ የወረድን ሁሉ ውጤቱን አይተናል። ሌሎቹ ጀልባዎች ወደ መድረሻው ሲከንፉ፣ የእማዋይሽ ጀልባ ግን፣ ልጅቷ ፊቷን ወደ ድል እንዳዞረች፣ በቀዘፈች ቁጥር ከድል እየራቀች ሄዳ ከኋላ ያለው ቄጠማ ውስጥ ተሰካች። እርስዎ ጫማዎ ውሃ እስኪሞላ ወደፊት! ወደፊት! ይሉ ነበር። ጎረቤቴ ከድጃ፣ ኧረ አባባ ሮበሌ፣ ሰውየው በጮኸ ቁጥር ልጅቱ እየራቀች ነው፣ ዝም አሰኙልን ብላ ለመነችኝ። እኔ ማን ነኝና ሊቀ መንበር ዝም የማሰኝ?

፬. አሁን ደግሞ፣ ብሔራዊ ቡድኑ የመረጣት ልጅ፣ አሻጥር ሠርቻለሁ ብላ ግለ ሂስ ጽፋ ካልፈረመች የጉዞ ድጋፍ ወረቀቷን አልፈርምም ብለዋል። ቡድኑ በሰኔ ይነሣል። ካልፈረመች ጥሏት ይሄዳል፤ አሻጥር ብሎ የፈረመ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ደግሞ እርስዎም እኔም እናውቃለን። እሷ አልፈርምም ብላለች። ይህን ይዘው እንቅልፍ ስለሚወስድዎ ጤናዎን አደንቃለሁ።

በልጅነቴ ከባላባት ፊት ስንወጣ ጀርባ መስጠት ነውር ነበር፤ ፊታችንን ወደ ጌታ እንዳዞርን ወደኋላ ስንራመድ ስንቱ ሰው ደረጃ ላይ ተንከባለለ! አብዮቱ ይህን አስቀረልን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የተሻረው ጌትየው ብቻ ኖሯል፤ ልማዱን እርስዎ በአደራ ይዘውታል።

ስለዚህ ይፈርሙላት። የግድ አንድ አሻጥረኛ ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የበሬ ጀርባ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ወንጀሉ ከአያቷ የወረሰችው ነው ብለው ይመዝግቡ። ቤቴን ያውቁታል።

ፊቴን ከፊትዎ ሳልነቅል፣ ደረጃውን በእግሬ እየዳበስኩ ወደኋላ የምወጣው፣ የድምፅዎ አድናቂ፣

ሮበሌ ፈየራ
ፉሪ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ኅብረት ሱቁ በር ላይ የለጠፍኩት፣ ስኳር የሚጠብቅ ወረፋ ማንበብ ስለሚወድ ነው። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ፈጠራዬ የእንቁላሉ ነገር ብቻ ነው። ዶሮ የለኝም። አንድ ዓይናዋን ዶሮዬን፣ የእኛ ፍሬ ናት ሊሉ የመጡ ዕለት እርስዎ በልተዋታል፤ ያን ቀን ፊቷ ወደየት ዞሮ እንደነበር አልጠየቁም።