በብየዳ ወድቄ ለክብር ስለመመረጤ

ለወርቃማው ፋኖስ ብሔራዊ የክብር ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እዚህ ነብራስካ በቆሎውን ሰብስበን ሥራ ስለቀለለን፣ ቀኑን ሙሉ ስምዎን እያነሳን እንጸልያለን። የጸሎቱን ይዘት ለጊዜው ይለፉት።

እኔ ዌንደል ክራቶክቪል በከተማችን ኮሌጅ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው መጋቢት፣ በዚያው ኮሌጅ ነርስነት ለምትማረው ልጄ ለዴሊያ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም "ከብዙ ሺህ ተማሪዎች መካከል ተመርጠሻል" ብለው፣ ሪባንም አስረው፣ ከነአባልነት ክፍያ መጠየቂያው ስለላኩላት ከልብ አመሰግናለሁ። ከቤተሰባችን ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናትና ደብዳቤዎን በፍሬም አድርጌ ከአባቴ ፎቶ በላይ ሰቀልኩት። ይሁንና የቀረውን ውለታዎን ሳልዘረዝር ብቀር ምስጋና ቢስ እባላለሁ።

አንደኛ፤ በዚያው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፤ ተራ ነጭ ወረቀት፣ ማኅተሙ የተንጋደደ፣ በእስክሪብቶ የተፈረመ። ዴሊያ አየት አድርጋ "አባዬ፣ ይሄ የአጭበርባሪ ወረቀት ነው፤ ትክክለኛው እኮ መጥቶልኛል" አለችኝ። ቆሻሻ መጣል ሥራዬ ነውና ጣልኩት። ለካ ጎበዝ የነርስ ተማሪዎችን የሚመርጠው የኮሌጁ የራሱ የክብር ማኅበር ጥሪ ኖሯል! ዩኒቨርሲቲ በነጻ ለመማር የሚወዳደሩት ደግሞ የእሱ አባላት ብቻ ናቸው። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ የዴሊያ መምህርት ወይዘሮ ቲድዌል ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ "ዌንደል፣ ልጅህ ምን ነክቷት ነው? ስሟን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ ለማለት እንኳ ናቀችኝ?" አሉኝ። መወልወያዬን አስቀምጬ ለዴሊያ ልነግራት ሄድኩ። ዴሊያ ሦስት ቀን ከክፍሏ ወጥታ እራት አልበላችም።

ሁለተኛ፤ ሠራተኛ በነጻ መማር ስለሚፈቀድለት እኔም ብየዳ እማር ነበር። ለመጨረሻው ፈተና የአጥር በር ሠራሁ። መምህሬ ገስ ገፋው፣ ሳበው፣ በእግሩም ሞከረውና "አንተ ሰውዬ፣ ማጠፊያውን ከምሰሶው ጋር በየድከው እኮ! ይሄ በር ሳይሆን ግድግዳ ነው" ብሎ ኤፍ ሰጠኝ። በሁለተኛው ሳምንት "አንጸባራቂ ውጤትዎ ከመራጭ ኮሚቴያችን ዓይን አልተሰወረም" የሚል ደብዳቤዎ፣ ከነወርቁ ከነሪባኑ ደረሰኝ። ኮሚቴዎ ዓይን ስላለው ደስ ብሎኛል፤ ሐኪም ቢያየው ግን አይከፋም።

ሦስተኛ ብዬ የጀመርኩት ብዙ ነበር፤ ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ተውኩት። ይልቅ ወይዘሮ ቲድዌልን እውነተኛው ከሐሰተኛው በምን እንደሚለይ ጠየቅኳቸው። "ሬጅስትራር ያውቀዋል ወይ? እዚህ ግቢ ቅርንጫፍና ኃላፊ መምህር አለው ወይ? ስንት ነጥብ እንደሚፈልግ በግልጽ ይናገራል ወይ? በል ሂድና ጠይቅ" አሉኝ። ጠየቅኩ። ሬጅስትራሩ አያውቅዎትም። ወደ ማኅበርዎ ብደውል ደግሞ ገና ስሜን ሳልናገር የተቀረጸ ድምፅ "እንኳን ደስ አለዎት!" አለኝ።

ክቡርነትዎ የዘነጉት አንድ ነገር ቢኖር፣ የአሥራ አንዱም ሕንፃ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቁልፍ የሚንጠለጠለው ከእኔ ወገብ ላይ መሆኑን ነው። የዴሊያንና የእኔን ደብዳቤ አባዝቼ ጎን ለጎን፣ በመሐላቸው ኤፌን፣ ከሥራቸው የወይዘሮ ቲድዌልን ሦስት ጥያቄዎች በሁሉም ሰሌዳ ለጥፌ መስታወቱን ቆለፍኩት። በመስከረም ምልምል ፍለጋ የላኳቸው ወጣቶች ጠረጴዛ ሲዘረጉ ተማሪው ተሰልፎ ጠበቃቸው፤ "እስቲ በብየዳ የወደቀውን ሊቅ አሳዩን!" እያለ። ቀትር ሳይሆን ጠቅልለው ሄዱ። የተበተነውን ሪባን እኔው ጠረግኩት፤ በሃያ ሁለት ዓመት የጽዳት ሥራዬ እንዲህ የጣፈጠኝ ቆሻሻ የለም።

ወይዘሮ ቲድዌል የዴሊያን ስም በመጪው ጸደይ እንደገና ያቀርባሉ። የሰረቋትን አንድ ዓመት ግን ማንም አይመልስላትም፤ እኔም እስኪመለስ ድረስ ሰሌዳውን አልከፍትም።

ያለ ምንም ብቃት በእርስዎ የተከበርኩ፣ ቁልፌን ይዤ የምጠብቅዎ፣
ዌንደል ክራቶክቪል

ማስታወሻ፦ "የመጨረሻ ዕድል" የሚለው ሁለተኛው ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። ውለታ በባዶ እጅ አይመለስምና የሠራሁትን በር በጭነት መኪና ልኬልዎታለሁ። በቢሮዎ መግቢያ ላይ ያስተክሉት፤ አደራ፣ ሲተከል እርስዎ ከውስጥ ይሁኑ።