የቦርዱ ጠርዝ

ኅዳር 14
ቧንቧው ዛሬም ደረቅ። እማ ሥሩ ቁጭ ብላ አደረች። ሲመጣ ካልቀዳን ለሳምንት ውሃ የለም... ግን በዚያ ጉልበቷ፣ በዚህ ብርድ? ውሃ ሲደርስ ራስጌዬ የሚጮህ ነገር ልሠራ ነው። ከሞባይል ጥገናዬ የተራረፈ ዕቃ አለኝ። የጎደለኝ ዕቃው የሚበየድበት፣ ቀዳዳው የተበሳ ቦርድ ብቻ።

ኅዳር 15
ከጋሼ ይድነቃቸው ሱቅ ቡናማውን ቦርድ ገዛሁ፤ ረከሰልኝ። የመበየጃው ካውያ ሲነካው የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ። ሲያስጠላ! ግን ሠራ።

ኅዳር 19
ውሃ መጥቶ ሄደ። የኔው ጉድ ዝም! ከፍቼ ባየው እርጥበት አሳብጦታል፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ያሉት የመዳብ ቀለበቶች እንደ ቁስል ቅርፊት ተነስተዋል። እማ እኔን አምና ተኝታ ነበር። «ውሸታም» አለች። እኔን ይሁን ቦርዱን... አልጠየቅኩም።

ኅዳር 20
እርጥበት የሚችለው አረንጓዴው ነው አሉ። ጋሼ ይድነቃቸው ዘንድ ተመለስኩ።
«አረንጓዴ አለዎት?»
«ለአፍራ ይጠፋል? ቁጭ በይ።»
ከማን ሱቅ እንዳስመጡት እንጃ። ቤት ገብቼ ካውያውን ሳስነካው... ያው ቀንድ! ጠርዙን በምላጭ ፋቅኩት። ውስጡ ቡናማ። ቀብተውት ነው! ቱ!

ኅዳር 21
ይዤው ሄድኩ።
«አረንጓዴ አልሽ፣ አረንጓዴ ሰጠሁሽ። ስለ ውስጡ መች ጠየቅሽኝ?»
ደግሞ ይስቃሉ። ሳቃቸው ከሽታው ባሰብኝ። ካርቶኑን ስቤ፣ ገዢ እያየ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ፋቅኩ። ሁሉም ቡናማ! አንዱ ገዢ የያዘውን አስቀምጦ ወጣ። ከዛሬ በኋላ ጋሼ የለም፤ ሰውዬው ነው።
አብነት ሰፈር ሄጄ ሐጀራ የምትባል ሻጭ አገኘሁ። የቦርዱን ፊት ተውኩት፤ ጠርዙን አየሁ። እስከ ውስጡ አረንጓዴ፣ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ብርሃን ያሳልፋል። ምነው መጀመሪያ...

ኅዳር 24
ተበየደ። አልሸተተም። እማ በጣሳ ውሃ እያፈሰሰች ደጋግማ አስጮኸችው። ሲመሽ ጋቢዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ወጣች። ሰውዬውን ረገምኩት። ቦርድስ ይገዛል፤ የእማን እምነት ከየት ልግዛ?

ኅዳር 28
ሊነጋ ሲል ጮኸ! ዘልዬ ወጣሁ። ውሃው ይንፎለፎላል... ዝገት ዝገት ይላል፣ ኤጭ! እማ ግን ቧንቧው ጋ የለችም። ክው አልኩ። ወድቃ ይሆን? ሮጬ መጋረጃዋን ገለጥኩ።
ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ታንኮራፋለች።
ጀሪካኖቹን ብቻዬን ሞላሁ።