የሞተርህን ጌጥ ፈትቼዋለሁ

ሀምዱ ወንድሜ፣

የመሥሪያ ቤትህ ዘበኛ ገበያ ላይ አገኘኝና፣ «ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪው ጓድ ከደሴ መጥቶ የመንግሥት ሞተሮችን ሊያይ ነው፤ የሀምዱን እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ካገኛት ይነጥቀዋል» አለኝ። አንተ እንደሆነ ጌጧን አቧራ እንዳይነካው ብለህ አርዲቦ ድረስ በእግርህ ሄደሃል! የግሸን መኪና ሳያመልጠኝ ራሴው ፈታሁት።

መስተዋቴ ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ በዳበሳ እየተላጨሁ አገጬን ጨርሻለሁ።
ቃጭሉን ለባለቤቷ ለበቅሎዬ አስሬላታለሁ። ማታ ውኃ አጠጣት።
መቀመጫዋን ያለበስክበት የመስኮታችን መጋረጃ አልጋህ ላይ ነው። ሌባ ወሰደው ብለኸኝ አልነበር?
ተወው።

ጠዋት እንዳለች ይዘሃት ሂድ። አንድ ነገር ሳትጨምርባት ማደር እንደማይሆንልህ አውቃለሁ፤ ግን ለዛሬ ብቻ እጅህን ሰብስብ።

ደግሞ... እንዳትቆጣ።
ራቁቷን ቆማ ሳያት አንጀቴን በላችው። ከበቅሎዬ ልጓም አንዲት ቀይ ዘርፍ ቆርጬ ከመቀመጫዋ ሥር፣ ተቆጣጣሪው ጎንበስ ካላለ በማያያት ቦታ አስሬላታለሁ። ቆንጆ ሆናለች።

ብትፈታት እንጣላለን።

ባዬ