ከአል-ሳሃፋ አል-ጣኢፍ የምትሄደው መስመር

እማዬ፣ አሰላሙ አለይኪ።

ካንቺ ከተለየን አንድ ረመዳን አለፈ። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ልጅሽ አማርኛዋ ቢንሻፈፍ አትሳቂብኝ፤ በዐረብኛ ስጀምረው ያንቺ አልሆን አለኝ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ነጠላ ጫማሽ በር ላይ ነው፤ የሚያነሳው ጠፋ። አባቴ የውሃ በርሜሉን ክዳን ሲነካካ ይውላል፤ ትንኝ ከዚያ እንደምትፈለፈል ከነገርኩት ወዲህ፣ ክፍት ሆኖ ካገኘው እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ሥራዬን ምስር ስትለቅሚ ትሪው ላይ ያሳየሁሽ ትዝ ይልሻል? እያንዳንዷ ፍሬ ሰው ናት፣ በመካከላቸው ያሰመርኩት መስመር የሚገናኙበት መንገድ። በሽታው በዚያ መስመር ይሄዳል። እኛ ደግሞ ያለችን ጥቂት የትንኝ መድኃኒት የት ብትረጭ ብዙ ሰው እንደምታድን በሒሳብ እንፈልጋለን። አንዲቷን ፍሬ ከክምር ወደ ክምር ሳመላልሳት፣ ይቺ አውቶቡስ ውስጥ ያለቀች ምስኪን እኔ ነኝ ብለሽ ሳቅሽ። እውነትሽን ነበር። ጠዋት ከሰፈራችን ከአል-ሳሃፋ ተነስተሽ ሀብታሞቹ ሰፈር አል-ጣኢፍ ሰው ቤት ልብስ ስታጥቢ ትውያለሽ፣ ማታ ትመለሻለሽ።

የደንጊ ትኩሳት መጀመሪያ የያዘሽ እኛ ሰፈር ነው፤ ዳንሽ። ቆይቶ የአሠሪሽ የዶክተሩ ልጅ በዚሁ ትኩሳት ሲወድቅ፣ ሰውየው አንዴ የያዘውን አይደግመውም ብሎ አንቺን አስታማሚ አደረገሽ። ሐኪም ነው እኮ! ደንጊ ብዙ ዝርያ አለው፤ ከአንዱ የዳነ ሰው ሌላው ሲይዘው ሊብስበት እንደሚችል ዩኒቨርሲቲ የማስተምራቸው ልጆች እንኳ ያውቃሉ። እኛ ሰፈር የነበረውና እነሱ ጋ የገባው ደግሞ የተለያዩ ነበሩ። ትንኟ የምትናከሰው በቀን ነው። የልጁ አልጋ አጎበር ነበረው፣ ያንቺ ወንበር አልነበረውም። ልጁ ዳነ፣ አንቺ ሞትሽ። ሰውየው ለቅሶ መጥቶ ሻያችንን ጠጣና የአላህ ውሳኔ ነው አለ። የጠጣበትን ብርጭቆ አባቴ ሳያይ ወስጄ ጣልኩት።

በቀደም ርጭቱን ለሚያቅደው ኮሚቴ ሒሳቤን አቀረብኩ። ሰብሳቢው ማን መሰለሽ? እሱው! ለቅሶ ቤት ቢያየኝም እኔን አላወቀኝም። ኮሚቴው ሰውን የቆጠረው በሚያድርበት ቤት ነው። እኔ ግን ለቤት ሠራተኞች የሚውሉበትንም ቤት ጨምሬ መስመር አሰመርኩላቸው። ያኔ ሁለቱ ዝርያዎች የት እንደሚገናኙ ፍንትው ብሎ ታየ፤ ሴቶቹ በሚውሉባቸው የአል-ጣኢፍ ግቢዎች። ሒሳቡም መጀመሪያ እዚያ ርጩ፣ አጎበሩንም ለእነሱ ስጡ ይላል። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው፣ እነዚህ መስመሮች ሥዕሉን አቆሽሸውታል፣ ያላ፣ በይ ቶሎ ሰርዢና ፈርሚ አለኝ። የቆሸሸው ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

አልፈረምኩም። አንዷ መስመር ላይ ጣቴን አሳርፌ ይቺ ከድጃ ናት አልኩት። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ከድጃ ደግሞ ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ።

እማዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ልብሱን አጠብሽለት! በዚያ ቤት "ያ ሀበሺያ"፣ አንቺ ሀበሻ፣ ብቻ ነበርሽ ለካ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እናቴ ናት፣ ልጅህን ያስታመመችልህ አልኩት። ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ።

ሥራውን ይቀሙኝ ይሆናል። ይቀሙኝ። እኔ በምሥለው ሥዕል ሁሉ ግን ከአል-ሳሃፋ አል-ጣኢፍ አንዲት መስመር ትኖራለች፤ አጠገቧም ከድጃ ብዬ እጽፋለሁ።

ልጅሽ